የላሚቱን ቀን እንጻፍ

(በአራዳ ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተመልምለን እንድናስተምር ወደ አራዳ የተመደብን ተማሪዎች ነን። ከእናንተ ጋር ከ«ሀ» ጀምረን፣ ፊደል ቆጥረን፣ ቃል መሥርተን፣ አሁን አጫጭር ጽሑፍ ወደ ማንበብ ደርሰናል። ቁጥርም ተምራችኋል፤ መደመርና መቀነስ ችላችኋል። እንግዲህ ዛሬ የምንነጋገረው ይህ የተማራችሁት ፊደልና ቁጥር በበረት ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ ነው። ርእሳችን የላም መውለድ ነው።

«እዚህ መሐል ፒያሳ፣ በአስፋልትና በፎቅ መካከል፣ የላም ወሬ ምን አመጣው?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እስቲ ጠዋት በቡና ቤቶቹ በኩል ስናልፍ የምናየውን እናስብ። አንዱ ማኪያቶ ያዛል፤ አንዱ ወተት በሻይ ይላል፤ ሌላው ለልጁ ወተት በላስቲክ ገዝቶ ይሄዳል። ወተት ያለ ጥጃ አይገኝም። ላም በልታ ስለ ጠገበች ብቻ አትታለብም፤ የምትታለበው ስትወልድ ነው። በየስኒው የምናየው ወተት አንዲት ላም አምጣ ስለ ወለደች የተገኘ ነው። በወሊዱ ጊዜ ላሚቱ ከሞተች፣ ወይም ጥጃዋ ከሞተ፣ በቅድሚያ የባለቤቷ ጓዳ ይራቆታል፤ ቀጥሎም የከተማው ወተት ይጎድላል።

አራዳና ወተት

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ «ክፉ ቀን» የተባለው ረሀብ ደረሰ። አንዱ ትልቅ መነሻው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነበር። ስሙ ደስታ ይባል እንጂ ያመጣው ኀዘን ነው። በሬው አለቀ፤ የሚያርስ ጠፋ። ላሙ አለቀ፤ ወተትና ቅቤ ጠፋ። ይህ በሽታ በክትባትና በቁጥጥር ተሸንፎ ከመላው ዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። አያቶቻችን ከብት ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ በዓይናቸው አይተዋል።

በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ የከተማው ዋና ገበያ ነበር። የገጠሩ ሰው ቅቤውንና እህሉን ወደዚህ ያወጣ ነበር። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ ገበያው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ እንዲዛወር ተደረገ። «ፒያሳ» የሚለው የጣሊያን ስም ግን እዚሁ ቀረ።

ከወረራው በኋላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1947፣ ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ የሚባሉ 300 ያህል የወተት ከብቶች በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በዩኒሴፍ ርዳታ በሾላ የወተት ማዘጋጃ ተቋቋመ። በ1973 ዓ.ም. ገደማ በቃሊቲ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ተከፈተ። የፈረንጅ ላም ደም ያለባት ክልስ ላም በየጓሮው እየተለመደች የመጣችው በዚህ መንገድ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ በተደረገ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከ5 ሺህ የሚበልጡ ትልልቅና ትንንሽ የወተት ከብት እርባታዎች ተቆጥረዋል። ብዙዎቹ በጓሮ ያሉ፣ ጥቂት ላም ብቻ ያላቸው ነበሩ።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር፣ ጓሮውም አብሮ ቀርቷል። ዛሬ ለከተማው ከሚቀርበው ወተት ብዙው የሚመጣው ከዳር ዳሩ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሆለታና ከሰላሌ በኩል ነው። ቢሆንም ከእናንተ መካከል ላም ያለው አለ፤ በገጠር ያሉ ወንድምና እኅቶቹ ላም ያላቸው አለ። የዛሬው ትምህርት ለሁሉም ይሆናል።

ጥጃ የሚበዛበት ወቅት

በገጠር ከብት የሚኖረው በሣር ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ሣሩ ይጠግባል። ላሚቱም ገላዋ ይመለሳል፤ ኮርማ ትፈልጋለች። ያኔ የተጠቃች ላም የምትወልደው ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በሰኔና በሐምሌ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። በከተማ ግን ላሚቱ የምትበላው በገንዘብ የተገዛ ነው። ድርቆሹ ከሱሉልታ፣ ፉርሽካው ከወፍጮ ቤት፣ ፋጉሎው ከዘይት መጭመቂያ፣ አተላው ከጠላ ቤት ይመጣል። ስለዚህ በየትኛውም ወር ልትወልድ ትችላለች። ሆኖም በክረምት የሚወልዱት ጥቂት አይደሉም፤ የክረምት ወሊድ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፤ በረቱ ይጨቀያል፤ ጎርፉ በየቦዩ ይወርዳል። አዲስ የተወለደ ጥጃ እርጥብ ነው። ብርድና ጭቃ ቶሎ ይጥለዋል።

በዚህ ሰሞን ሁለት ሦስት ላም ያላት እናት ዕረፍት የላትም። አንዷ ልትወልድ ትቃረባለች፤ አንዷ ወልዳ ትታለባለች፤ የሌላዋ ጥጃ ተቅማጥ ይይዘዋል። መቼ የትኛዋ እንደምትወልድ ያላወቀ ሰው ሌሊቱን ሁሉ ሲነሣ ያድራል፤ ወይም ደክሞት በሚያስፈልግበት ሌሊት ይተኛል።

የጊዮርጊስ ማግስት

ከእኛ ጋር የሚማሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን እንዳንጠራ አደራ ብለውናል። ታሪካቸውን ግን «ተናገሩት፤ ሰው ይማርበት» ብለው ፈቅደውልናል።

እኚህ እናት በግቢያቸው ጥግ፣ ቆርቆሮ በለበሰች በረት፣ ሁለት ላሞች አሏቸው። ከወተቱ የሚያገኙት ገንዘብ ለልጆቻቸው ደብተር፣ ለዕድራቸውና ለቤት ኪራይ ይውላል። አምና አንደኛይቱ ላም፣ ዳለቻ የምትባለው፣ ረገዘች። «መቼ ተጠቃች?» ሲባሉ «በጊዮርጊስ ማግስት ነው» አሉ። ጊዮርጊስ ግን በየወሩ በ23 ይውላል። እሳቸው «የኅዳሩ ነው» ይላሉ። ላሞቹን የሚጠብቀው ልጅ «ኧረ እማማ፣ የጥቅምቱ ነው» ይላል። በታላቅነታቸው እሳቸው ረቱ።

በእሳቸው ቁጥር ከሄድን ላሚቱ የምትወልደው አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ያልቧት ነበር። ልጁ ግን ልክ ነበር። ነሐሴ 7 ለ8 አጥቢያ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ዳለቻ ብቻዋን ወለደች። ጠዋት በረቱ ሲከፈት ጥጃዋ በቦዩ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ሴት ጥጃ ነበረች፤ ብትተርፍ በሦስት ዓመቷ ገደማ ራሷ ወልዳ ትታለብ ነበር። ላሚቱም የእንግዴ ልጁን ሳትጥል ሦስት ቀን ቆየች። ሐኪም መጥቶ አዳናት፤ ወተቷ ግን የታሰበውን ግማሽ እንኳ አልሞላም። በዚያ ዓመት የልጆቹ ደብተር በብድር ተገዛ።

በዚህ ታሪክ ሰነፍ ሰው የለም። እናቲቱ ትጉህ ናቸው፤ ልጁም አስተዋይ ነው። ላሚቱም ጤነኛ ነበረች። የጎደለችው አንዲት መስመር ጽሑፍ ናት፦ «ዳለቻ፣ ጥቅምት 24»። ይህች መስመር ብትጻፍ ኖሮ ክርክር አይነሣም ነበር። ታላቅና ታናሽ ሳይባል ሁሉም አንብቦ ያምናት ነበር።

ዘንድሮ ሁለተኛይቱ ላም፣ ቡሬ፣ ጥቅምት 3 ቀን ተጠቃች። እናታችን በዚያው ምሽት ከሰል አንሥተው በበረቱ በር ጀርባ ላይ «ቡሬ ጥቅምት 3» ብለው ጻፉ። ፊደሉ ትንሽ ተጣሞ ነበር፤ ቢሆንም ይነበባል። ከእኛ ጋር ሆነው ቆጠሩ፤ ሐምሌ 16 ደረሱ። እሱንም ከሥሩ ጻፉት። ግንቦት 16 ላይ ማለብ አቆሙ። ሐምሌ ከገባ በኋላ በረቱ ደረቅ ጭድ ተነጠፈበት፤ ቦዩም በድንጋይ ተዘጋ። ቡሬ ሐምሌ 18 ሌሊት ወለደች። ሰው አጠገቧ ነበር።

ቀኑን እንዴት እንቆጥራለን?

ላም ከተጠቃችበት ቀን አንሥቶ እስክትወልድ በአማካይ 283 ቀን ያህል ትቆያለች። ጥቂት ቀን ልትቀድም ወይም ልትዘገይ ትችላለች። የአገራችን ላም ብዙ ጊዜ ከፈረንጇ ጥቂት ቀን ትዘገያለች።

283 ቀን ማለት 9 ወር ከ13 ቀን ማለት ነው። የእኛ የዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል፤ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ እኩል 30 ቀን ነውና። የፈረንጆቹ ወር ግን አንዱ 28፣ አንዱ 30፣ አንዱ 31 ስለሆነ ለቆጣሪ ያስቸግራል።

እንግዲህ ሰሌዳው ላይ አብረን እንሥራ።

ላሚቱ መስከረም 1 ቀን ተጠቃች እንበል። 9 ወር ስንጨምር ሰኔ 1 ይሆናል። 13 ቀን ስንጨምር ሰኔ 14 ይሆናል። በቃ፣ የምትወልደው በሰኔ 14 ገደማ ነው።

ሌላዋ ኅዳር 5 ቀን ተጠቃች። 9 ወር ሲጨመር ነሐሴ 5 ነው። 13 ሲጨመር ነሐሴ 18 ነው።

ጳጉሜን በመሐል የምትገባ ከሆነ ግን አንድ ነገር እንጨምራለን። ላሚቱ ታኅሣሥ 10 ቀን ተጠቃች እንበል። 9 ወር ሲጨመር መስከረም 10፣ 13 ቀን ሲጨመር መስከረም 23 ይሆናል። ጳጉሜን 5 ቀን ስላላት እነዚያን 5 ቀናት እንቀንሳለን፤ መስከረም 18 ይሆናል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 6 እንቀንሳለን።

ዘጠኝ ወር ወደ ፊት መቁጠር የሚያስቸግረው ሰው ሦስት ወር ወደ ኋላ ይቁጠር፤ ያው ወር ላይ ይደርሳል። ከታኅሣሥ ሦስት ወር ወደ ኋላ ኅዳር፣ ጥቅምት፣ መስከረም ነው። ለሚቀጥለው ዓመት መስከረም ማለት ነው።

ቀኑ ከታወቀ በኋላ ሁለት ወር ወደ ኋላ ቆጥረን ማለብ የምናቆምበትን ቀን እንጽፋለን። ነሐሴ 18 የምትወልድ ላም ሰኔ 18 መንጠፍ አለባት። «ሁለት ወር ሙሉ ወተት መተው ኪሳራ አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። በነዚህ ሁለት ወሮች ጥጃው በሆድ ውስጥ በፍጥነት ያድጋል፤ የላሚቱም ጡት ያርፋል፣ ለሚመጣው ወተት ይታደሳል። ሳትነጥፍ የወለደች ላም ወተቷ ያንሳል፤ እንገሯም ይሳሳል።

በወሊዱ ሌሊት

ከመካከላችን ሁለቱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ናቸው። የሚከተለውን እነሱ አዘጋጅተውታል። በዝግታ እናንብበው።

አንደኛ፣ ምልክቱን ማወቅ። ላሚቱ ልትወልድ ስትቃረብ ታጋታለች፤ ጡቷ ይወጠራል። ከጭራዋ ሥር ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ይላላል፤ ይጎደጉዳል። ከብልቷ ወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ ይወርዳል። ከሌሎቹ ላሞች ትለያለች፤ ትተኛለች፤ ትነሣለች፤ ወደ ጎኗ ትመለከታለች።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ማዘጋጀት። በረቱ ይጠረግ፤ እበቱ ይውጣ፤ ደረቅ ጭድ ይነጠፍ። ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅና አዮዲን ይቅረብ። ባትሪም ይኑር፤ መብራት በዚያው ሌሊት ሊጠፋ ይችላል።

ሦስተኛ፣ መታገሥ። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ በኋላ በመጀመሪያ የሚታዩት ሁለቱ የፊት እግሮች ናቸው። አፍንጫውም በእግሮቹ ላይ ተኝቶ ይመጣል። ትክክለኛው አመጣጥ ይህ ነው። እንዲህ ከሆነ ላሚቱ ራሷ ትጨርሰዋለች። ቸኩሎ መጎተት ጥጃውንም እሷንም ይጎዳል።

አራተኛ፣ ሐኪም የሚጠራበትን ጊዜ ማወቅ። ውሃው ፈስሶ፣ ላሚቱ በርትታ አምጣ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካልታየ፤ ወይም አንድ እግር ብቻ፣ ጭራ ብቻ፣ ወይም ራስ ያለ እግር ከታየ፣ ሳይዘገዩ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። የአገራችን ጊደር ከፈረንጅ ዘር ስታረግዝ ጥጃው ሊገዝፍባት ስለሚችል የበለጠ ጥበቃ ያስፈልጋታል። የሐኪሙ ስልክ ከቀኑ ጎን አስቀድሞ ይጻፍ። በሌሊት፣ በዝናብ፣ ላሚቱ እየጮኸች፣ ስልክ ፍለጋ መዞር ብዙ ሰዓት ያባክናል።

አምስተኛ፣ ጥጃው እንደ ወጣ አፍንጫውንና አፉን መጥረግ። ላሚቱ ትላሰው፤ መላሷ ያደርቀዋል፣ ደሙንም ያንቀሳቅሰዋል። እትብቱ አዮዲን ይቀባ። በእትብት በኩል የሚገባው ተሕዋስ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፤ ጥጃም ይገድላል።

የእንገር ነገር

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። እናቶች፣ እዚህ ላይ እንዳትቆጡን።

በእኛ አገር እንገር የተወደደ ምግብ ነው። ላም ስትወልድ እንገሩ ይፈላል፤ ለልጆች ይሰጣል፤ ለጎረቤትም ይላካል። ደስ የሚል ልማድ ነው። አንዳንዱ ሰው ደግሞ «እንገር ጥጃውን ያስቀምጠዋል» ብሎ ከጥጃው ይከለክላል። ሌላውም «የእንግዴ ልጁ ሳይወድቅ ጥጃው አይጥባ» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥጃ ሲወለድ በሽታን የሚከላከልበት ኃይል በደሙ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በሆድ ሳለ ከእናቱ አይተላለፍለትም። ያ ኃይል ያለው በእንገሩ ውስጥ ነው። የጥጃው አንጀት ይህን ኃይል ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር እየቀነሰ ሄዶ፣ አንድ ቀን ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የፈለገውን ያህል እንገር ቢጠጣ ለሆዱ ምግብ ይሆነዋል እንጂ ጋሻ አይሆነውም። ጥጃ በተወለደ በሳምንቱ ወይም በሁለት ሳምንቱ በተቅማጥ ሲሞት «ቡዳ በላው፤ ዓይን በላው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የሞቱ መነሻ ያ የመጀመሪያው ቀን ነው።

ስለዚህ ጥጃው በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንገር ይጥባ። መቆም ካቃተው ደግፈን ጡቷን እናስይዘው፤ ወይም በንጹሕ ዕቃ አልበን በጡጦ እናጠጣው። ለክልስ ጥጃ በመጀመሪያው ቀን አራት ሊትር ያህል፣ ተከፋፍሎ፣ ያስፈልገዋል፤ ለትንሹ የአገር ጥጃ ያነሰ ይበቃዋል። ጥጃው ከጠገበ በኋላ የተረፈው ለቤተሰብ ይፍላ፤ ለጎረቤትም ይላክ። ልማዱ አይቀርም፤ ተራው ብቻ ይስተካከላል። ጥጃው ይቅደም።

ወንድ ጥጃም ሲወለድ ቸል አይባል። «ወተት አይሰጥም» ተብሎ እንገር የሚነፈገው ወንድ ጥጃ ይታመማል፤ ሕመሙም ለሌሎቹ ጥጆች ይተርፋል። ደህና ሆኖ ያደገ ወይፈን ግን ተሸጦ የድርቆሽ ዋጋ ይሸፍናል።

ከወሊድ በኋላ

የእንግዴ ልጁ እስከ 12 ሰዓት ድረስ መውደቅ አለበት። ከዚያ ካለፈ ሐኪም ይታይ። በእጅ መጎተት ወይም ድንጋይ ማንጠልጠል ማሕፀኗን ይጎዳል። የወደቀውን ውሻ እንዳይጎትተው መቅበር ነው።

ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም በወለደች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ወድቃ መነሣት ቢያቅታት፣ ጆሮዋ ቢቀዘቅዝ፣ አንገቷን ወደ ጎኗ ብታጥፍ፣ የጎደላት በደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው። ሐኪም ቶሎ ከደረሰላት በመርፌ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ትነሣለች። ቢዘገይ ትሞታለች።

ላም ቀኗ ሳይደርስ ብታስወርድ፣ የወጣውን በባዶ እጅ አንንካ። ወደ ሰው የሚተላለፍ የውርጃ በሽታ አለ። ወተትም ሳይፈላ አይጠጣ፤ የሳንባ ነቀርሳም ከላም ወደ ሰው በወተት ይተላለፋል። ለልጅ ስንል የገዛነው ወተት ልጁን እንዳያሳምመው ማፍላት ነው።

ከዚያም አዲስ መስመር ይጻፋል። ላሚቱ ከወለደች ከሁለት ወር ያህል በኋላ እንደገና ኮርማ ስትፈልግ ቀኑን እንጽፋለን። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ገደማ ነው። ያንን ቀን ያሳለፈ ሰው ሌላ 21 ቀን ይጠብቃል፤ የ21 ቀን መኖም በከንቱ ይወጣል። ጠዋት ምልክት ያሳየች ማታ ትዳቀል፤ ማታ ያሳየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። ተጠቅታ በ21ኛው ቀን ገደማ እንደገና ከፈለገች ግን አልያዘላትም ማለት ነው። የቀድሞው ቀን ይሰረዝና አዲሱ ይጻፍ።

ውድ ተማሪዎቻችን፤

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ትልቅ መዝገብ አይደለም። ከልጆቻችሁ ደብተር አንድ ገጽ ይበቃል። አምስት ነገር ይጻፍበት፦ የላሚቱ ስም፣ የተጠቃችበት ቀን፣ ማለብ የሚቆምበት ቀን፣ የምትወልድበት ቀን፣ የሐኪሙ ስልክ። ደብተር ከጠፋ በር አለ፤ እርሳስ ከጠፋ ከሰል አለ። «ፊደሌ አያምርም» ብሎ ማፈር አያስፈልግም። ሌላው የቤት ሰው ሊያነበው ከቻለ ሥራውን ሠርቷል። እንዲያውም ልጆቻችሁ እንዲያነቡላችሁ አትጠብቁ፤ እናንተ ጽፋችሁ እነሱ ያንብቡ።

ላም የሌላችሁም ሥራ አላችሁ። በገጠር ላለው ወንድማችሁ በስልክ ስትነጋገሩ «የላምህን ቀን ጽፈሃል ወይ?» በሉት። «አላስታውስም» ካላችሁ ከእሱ ጋር ቁጠሩ። ለጎረቤት ጥጃ ስትወለድም ስለ እንገሩ ዛሬ የሰማችሁትን ንገሩ።

ለሚቀጥለው ክፍል ይህን የቤት ሥራ ሠርታችሁ ኑ። አንዲት ላም ጥር 7 ቀን ተጠቃች። ጳጉሜን 5 ናት። ላሚቱ መቼ ትወልዳለች? ማለብ የሚቆመውስ መቼ ነው? ላም ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ላም ቀን ጽፋችሁ አምጡ፤ በሰሌዳው ላይ አብረን እንቆጥረዋለን።